የሞላው ግድግዳ

ወደ ጊሼ፣ ወደ ራቤል የምንሄድበት መኪና ጎማው ፈነዳና ሁላችንም ሜዳ ላይ ወረድን። መለዋወጫው ቢወርድ እሱም ተንፍሷል። ሾፌሩ ጎማውን ይዞ ባለፈ አይሱዙ ላይ ተጫነና ሊያስነፋ ሄደ። ከጓሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ደግሞ ሰው ባለበት ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልበትም። መኪናው ከነፋሱ በሚከልልበት በኩል አንዲት ሴት ጋቢ ተከናንባ፣ ካርቶን አቅፋ ተቀምጣ አየሁና አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«እንቁላል ነው?» አልኳት ካርቶኑን እያየሁ።

«እንቁላልስ ደግ ነበር፤ ቢሰበር አዝኜ እተወዋለሁ» አለችኝ። «ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ካርድ ነው።»

ባዶ ካርድ አቅፋ ጊሼ ድረስ የምትሄድ ሴት አይቼ አላውቅም። ጠየቅኋት። መጀመሪያ ሳቅ አለች፤ ቀጥላ አንገቷን ደፋች። እስከዳር ጫኔ ትባላለች፤ ቀየት ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የነገረችኝን ሁሉ የነገረችኝ ጣቶቿን እያየች ነው።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ አንድ ጉባኤ ባየችበት ጊዜ ነው። ጉባኤው ተናጋሪ የለው፣ የክብር እንግዳ የለው። ጠዋት ባዶ ግድግዳ ፊት ይቆማሉ፤ ያሳሰበው ሰው ነገሩን ወረቀት ላይ ይጽፍና ይለጥፋል፤ ከዚያ ሁሉም የፈለገው ወሬ ወዳለበት ክፍል ይሄዳል። «ደስ አለኝ» አለችኝ። «ለእኛም ሰዎች ይኼ ነው የሚሆነው አልኩ። ቤተ መጻሕፍት የሚሠራው፣ መዝገብ ቤት የሚሠራው፣ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚጠብቀው፣ ሁላችንም የየራሳችንን ቁልፍ ይዘን ብቻችንን ተቀምጠናል እኮ!»

አዳራሽ ልትለምን አለቃዋ ዘንድ ሄደች።

«መርሐ ግብሩስ?» አሏት።

«መርሐ ግብሩን ተሳታፊው ነው ጠዋት የሚጽፈው።»

«እኅቴ፣ ይኼ ጉባኤ ነው ወይስ ሰንበቴ?»

«ሰንበቴም እኮ ሁሉም የየራሱን ይዞ ነው የሚመጣው።»

ሳቁና ፈቀዱላት። ስትወጣ ግን ከኋላዋ ጠሯት፦ «ብቻ ባዶ ግድግዳ ይዘሽ እንግዳ ፊት እንዳታቆሚኝ!»

ይቺ ቃል ሆዷ ውስጥ ቀረች። የአገሯን ሰው ታውቃለች። ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ሲባባል ፀሐይ ትዞራለች። ሦስት ክፍል አለ፤ በየክፍሉ አራት አራት ወሬ፤ ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ቦታ። ሦስቱን ብቻ ሞልቼ ሰውን ላደፋፍር ብላ በጥር፣ ጉባኤው በሚደረግበት ቀን ማለዳ ማንም ሳይመጣ አዳራሹ ገባች።

«ሦስት ጻፍኩ። አራተኛውን ጻፍኩ። ከዚያማ እጄን ማን ያዘው! አንዱን በቀይ እስክሪብቶ፣ አንዱን በግራ እጄ፣ አንዱን እንደ ቄስ ጽሕፈት አወፍሬ። ‹መጽሐፍ ወስዶ የማይመልስ አንባቢን ምን እናድርገው?›፣ ‹አይጥን በምን እንከላከል?› የሰው ጥያቄ አስመስዬ አሥራ ሁለቱንም ሞላሁት። ስጨርስ ደግሞ ደስ አለኝ፤ አያሳፍርም?»

ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ከሁሉም የራቀው መርጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው፤ በጊሼ የአንድ ደብር መጻሕፍት ያሉበትን ዕቃ ቤት የሚጠብቁ ሽማግሌ። በበቅሎ አንድ ቀን ተኩል ተጉዘው ነው የደረሱት። ከጥምጥማቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጡና «ልጄ፣ ይቺን ስቀዪልኝ» አሏት።

«አባቴ፣ ግድግዳው ሞላብን። ለሚመጣው ዓመት እንይዝልዎታለን» አለቻቸው። ወረቀቷን ሳትከፍት ማኅደር ውስጥ ከተተቻት።

መርጌታ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ጎንበስ ብለው ካርዶቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ቀና አሉና «የብዙ ሰው ነገር ነው። የእኔ ይቆይ» ብለው ተቀመጡ።

እዚህ ላይ እስከዳር ጋቢዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችው።

«የብዙ ሰው አሉ እኮ» አለችኝ። «ለእኔ ቦታ መልቀቃቸው ነው። የሌለ ሰው አክብረው።»

ቀኑን ሙሉ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዋሉ፤ ኮምፒውተር ስለሚባል ነገር ሌሎች ሲከራከሩ አዳመጡ። የሚሄዱበት ሩቅ ነውና ከመዝጊያው በፊት ተሰናብተው በቅሏቸውን ጫኑ።

በመዝጊያው ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አለቃዋ ደስ ብሏቸዋል፤ «ሕዝባችን ይኼን ያህል ሐሳብ አለው!» እያሉ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሲሠሩ የኖሩት አቶ በኃይሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ ተነሡ።

«አንድ ነገር ብጠይቅ። ለእኛ የታደለን ነጭ ወረቀት ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት አሥራ ሁለቱም ግን ግርጌያቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው። ምንድን ነው?»

እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ነጩ ወረቀት ለእንግዳው እንዳያንስ ብላ እስከዳር የጻፈችው የመጽሐፍ ርእስና መለያ ቁጥር በተመዘገበበት በቤተ መጻሕፍቷ አሮጌ የካታሎግ ካርድ ጀርባ ላይ ነበር። ከአሮጌ ካርድ ሌላ ላይ ጽፋ አታውቅም፤ የገበያ ዝርዝሯም እሱ ላይ ነው። ቀዳዳው ካርዶቹን መሳቢያ ውስጥ አንድ ላይ የሚይዘው ዘንግ የሚያልፍበት ነው። በሌላ ጉባኤ ቢሆን ማን ልብ ይለዋል? እዚያ የተቀመጡት ግን ዕድሜያቸውን በወረቀትና በእጅ ጽሕፈት የፈጁ ናቸው። አንዱ ተነሥቶ የአይጧን ካርድ ነቀለና ገለበጣት።

«‹የበግ እርባታ። ስድስት መቶ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሦስት!›» ብሎ አነበበ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «አይጡንም በጉንም አንቺው አረባሽው?» አላት ሌላው። አለቃዋ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ሳቁስ ደግ ነው» አለችኝ። «እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሰው ሲወጣ ማኅደሩን ከፈትኩት።»

የመርጌታን ወረቀት በቃሏ ነው የምታውቀው። «ዐይኔ እየፈዘዘ ነው። መቶ ሠላሳው መጽሐፍ የቱ የት እንዳለ፣ የቱን ማን እንደተዋሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጨርሼ ሳልታወር ለማን፣ እንዴት አድርጌ ላስረክብ?»

«ካርዶቹን አክብረው የሚያነቡ መስሎኝ ነበር እኮ» አለችኝ። «ለካ አይታያቸውም።»

«ሰው ሆኖ የማይሳሳት…» ብዬ ልጀምር ስል እጇን አነሣች።

«አታባብለኝ፣ ወንድሜ። አሥራ ስድስት ዓመት የተከፈለኝ የቱ መጽሐፍ የት እንዳለ ለመጻፍ ነው። አንድ ሰው ይኼንኑ ብሎ መጣልኝ። እኔ አይጥ ሰቅያለሁ።»

ሦስት ወር አፍራ ተቀመጠች። በመጨረሻ በመርጌታ ልጅ በወለተጊዮርጊስ ስልክ፣ ልምጣና የሚያውቁትን ልጻፍልዎት ብላ ላከች። የመጣላት መልስ አንድ ነው፦ «ግድግዳው ባዶ ከሆነ ትምጣ።»

«ይቅር ብለውሽ ነው» አልኳት።

«እሱን አላውቅም። ወለተጊዮርጊስ የነገረችኝ ሌላ ነው። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ዕቃ ቤት የሚገቡት መጻሕፍቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው አለች። በዳሰሳ እንኳ ሁለቱን አምታተዋል። እኔ ሴት ነኝና እዚያ አልገባም፤ ውጭ ተቀምጠው በቃላቸው ይነግሩኛል። በጥር ቢሆን መቶ ሠላሳውንም ይሉኝ ነበር። አሁን ስንቱ እንደቀረ እንጃ።»

ጎማው መጣ። ራቤል የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። መኪናው ሲቆም ወለተጊዮርጊስ መንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቃለች፤ ከእሷ ራቅ ብሎ አንድ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሚመጣውን መኪና በጆሯቸው እንደሚፈልጉ ፊታቸው ወደ ሌላ ዞሯል።

እስከዳር አየቻቸውና እግሯ ቆመ። ካርቶኗን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች፤ እንደገና መለሰቻት። ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ አስታቀፈችኝ።

«የት ነው የምታርፈው?»

ነገርኳት።

«ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ። ዛሬ አንተ ዘንድ ትደርልኝ» አለችኝ። «ይዣት ከሄድኩ እሳቸው ሳይናገሩ መጻፍ ያምረኛል፤ እጄ አያርፍም።»