ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ሜትር

«የምታውቁትን ሁሉ በር ላይ ጥላችሁ ግቡ» የሚል አስተማሪ ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሰው ጆንያ ነው እንዴ፣ ገልብጠው አራግፈው እንደገና የሚሞሉት? ኮት እንኳ መስቀያ ይፈልጋል። ለስላሳ ግድግዳ ላይ ብትለጥፈው ይወርዳል፤ ወርዶም ትቢያ ይለብሳል። እውቀትም ያው ነው። መስቀያውን ነቅለን እንጥልና ኮቱ ሲወድቅ ተማሪውን «ደደብ» እንለዋለን። ይህን በየክፍሉም በየጋራዡም ሳይ ኖሬያለሁ፤ አንጀቴ አርሯል። ዛሬ ግን ለቁጣዬ መድኃኒት የሆነችኝን የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «ዘምዛሚት» ይላታል። የጨርቅ ዳር ሳትዘመዝም እንደማትተው ሁሉ ወሬም ስትጀምር ጫፉን ሳትቋጭ አትነሳም። ቤቷ መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው። ባሏን ቀብራ፣ አንድ ሴት ልጇን ያሳደገችውና የዳረችው እዚያች መኪና ላይ ተቀምጣ ነው። ኋላ ላይ ግን የተሰፋ ልብስ ከሱቅ መግዛት ቀለለና ሰው ማሰፋት ተወ። መጀመሪያ ማሳጠር ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ ዚፕ ማስቀየር፤ ቀጥሎ «ደህና አደርሽ» ብሎ ማለፍ።

ልጇ የዋህ ናት። «እማዬ፣ ምን ያደክምሻል? እኛ ጋ ነይ። ሳሎኑ ጥግ ላይ ወንበር ገዝቼልሻለሁ፤ እግር ማሳረፊያ ሁሉ አለው» አለቻት። ዘምዛሚት ሄዳ ወንበሩን አየችው። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«እንዴት ነው ወንበሩ?» አልኳት።

«ጥሩ ነው። ሲበዛ ጥሩ ነው። አንዴ ከተቀመጥኩበት የምነሳው በሰው ትከሻ ነው።»

በማግስቱ መንገዱን ተሻገረች። ማዶ የጋሽ መዶሻ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ አሸንዳ፣ የጭስ ማውጫ፣ የአየር ቱቦ ይሠራበታል። ረዳታቸው ሌላ ሥራ አግኝቶ ጥሏቸው ከሄደ ሰንብቷል።

«ረዳት ይፈልጋሉ ሲሉ ሰማሁ፤ እኔስ?» አለቻቸው።

ጋሽ መዶሻ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ቆርቆሮ ነው። ያደማል።»

«መርፌስ የሚስም መሰለዎት?»

ሳቁ። ያስገባቻትም ያቺ ሳቅ ናት። «እሺ። ጥግ ላይ ላለው ዳቦ ቤት የጭስ ማውጫ ይዣለሁ። እሱ እስኪያልቅ ልይሽ። ከሆነልሽ ትቀሪያለሽ፤ ካልሆነልሽ ሳንቀያየም እንለያያለን።»

የበሩ መቃን ላይ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ምስማር ተመትቷል። አዲስ የሚገባ ሁሉ ከድሮ ሥራው የያዘውን እዚያ መስቀል አለበት። የጋሽ መዶሻ ሕግ ነው። አናጺ የነበረው እርሳሱን፣ ሾፌር የነበረው የመኪና ቁልፉን ሰቅሎበታል። «እዚህ ስትገቢ ምንም አታውቂም። ባዶ ሆነሽ ነይ። እኔም የተማርኩት እንደዚሁ ነው» አሏት። ዘምዛሚት ዘወትር አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለውን ሜትር አወለቀችና ተንጠራርታ ሰቀለችው። «አንገቴ በረደኝ» አለችኝ ኋላ ስታጫውተኝ።

ጋሽ መዶሻ ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውን ያስተማሩት በጥፊ ነው። እሳቸው ጥፊውን ቀንሰው ሌላውን እንዳለ አስተላለፉት፤ ይህንንም ትልቅ ለውጥ አድርገው ይቆጥሩታል።

የዳቦ ቤቱ ሥራ ከባዱ ቦታ መጋጠሚያው ነበር። ከምድጃው የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ከሚሄደው ወፍራም ቱቦ ጎን ላይ ይገባል። ታዲያ ቱቦ ቱቦ ከመሆኑ በፊት ዝርግ ቆርቆሮ ነው፤ ሲጠቀለል ልክ እንዲገጥም በዝርግነቱ ተስሎ መቆረጥ አለበት። ጋሽ መዶሻ ሳሉላት። «ክቡን እኩል እኩል ክፈይ። ከየክፍሉ መስመር አውርጂ። ቁመቱን ወስደሽ እዚህ አሳርፊ። ነጥብ፤ ነጥብ፤ ነጥብ። አያይዢ። በቃ!»

ነጥቦቹ ሲያያዙ ከፍ ዝቅ የሚል፣ የተጠማዘዘ መስመር ወጣ። ዘምዛሚት «እባቡ» አለችው።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚጠማዘዘው?»

«እንደዚያ ስለሆነ ነዋ! ዝም ብለሽ ያዢው። አስር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ።»

«ይሄ ተረት እኮ የልብስ ሰፊ ነው።»

«የቆርቆሮ ነው!»

«ቆርቆሮ ሳይኖር ጨርቅ ነበረ፣ ጋሼ።»

«ለኪ ባክሽ!»

በቃሏ ያዘችው። ድስት እያማሰለች ትለዋለች፣ ልብስ እያሰጣች ትለዋለች፤ «ክቡን ክፈይ፣ መስመር አውርጂ…»። ለእኔም እንደ ተማሪ ቆማ በቃሏ ወጣችልኝ፤ አንዲት ቃል አልሳተችም። ቆርቆሮው ፊት ስትቆም ግን አንዱ እርምጃ ይዘለላል፤ እባቡም የሰካራም መንገድ ይሆናል። ቆርጣ ጠቅልላ ስትገጥመው በክፍተቱ ድመት ያልፋል። ጥግ ላይ የተበላሸው ቆርቆሮ ተከመረ። ጋሽ መዶሻ መጀመሪያ «ጨርቅ አይደለም!» እያሉ ጮኹ፤ ኋላ መጮኹንም ተዉት። አንድ ዓርብ ቀን እንዲያውም በጣም በለሰለሰ ድምፅ «እትዬ፣ ዕድሜም አለ እኮ» አሏት። «ሰኞ መጋጠሚያውን እኔው እሠራዋለሁ። አንቺ ትይዢልኛለሽ።»

ጩኸቱ ይሻላት ነበር። መያዝ ማለት መሰናበት ማለት እንደሆነ ገብቷታል።

እሑድ ልጇ መጣች። እኔም ሻይ ልጠጣ ጎራ ብዬ ነበር። ልጅቷ የባሏን ኮት ይዛለች፤ እጅጌው ትከሻው ላይ ተተርትሯል።

«ካስቸገረሽ ተይው እማዬ፤ አዲስ ይገዛል።»

«አዲሱስ አይተረተርም? አምጪው።»

ዘምዛሚት እጅጌውን ጨርሳ ፈታችው። የብብቱንም ስፌት ተረተረችና ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መተኮስ ጀመረች። ልጅቱ ስለ ወንበሩ ታወራለች። «ፊቱን ወደ መስኮት አዙሬልሻለሁ፤ ሰው ሲያልፍ ታያለሽ…»

ካውያው አየር ላይ ቆመ። ዘምዛሚት የተዘረጋውን እጅጌ አፍጥጣ ታያለች።

«እባቡ!» አለች።

ልጅቱ ወንበር ላይ ወጣች። «የት? የት ገባ?»

«እዚህ! ኮቱ ላይ!»

«ኮቱ ውስጥ እባብ ይዤ መጣሁ? እናቴ ድረሽ!»

«እናትሽማ እዚሁ ነኝ፤ ውረጂ!»

የእኔማ ሻይ በአፍንጫዬ ወጣ። ሳቁ ሲበርድ በጣቷ አሳየችን። የእጅጌ አናት ተፈቶ ሲዘረጋ ቀጥ ያለ አይደለም፤ መሐሉ ከፍ ይላል፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ብሎ ይጠማዘዛል። ቱቦ ምንድን ነው? እጅጌ ነው። ወፍራሙ ቱቦስ? ገላ ነው። ክብ ነገር ክብ ነገር ጎን ላይ ሲገባ አፉ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ አንዱ ጋ ይረዝማል፣ አንዱ ጋ ያጥራል። ያንን እባብ ዕድሜ ልኳን በሳሙና ስባሪ ጨርቅ ላይ ስትስለው ኖራለች!

እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። ሴትዮዋ መልሱን ይዛ ነው የመጣችው። በር ላይ አሰቀሏት እንጂ።

ሰኞ ጠዋት ገና ከመግባቷ እጇን ዘረጋችና ሜትሯን አወረደች። እኔ ደግሞ የሚያፈስ ባልዲ ሰበብ አድርጌ ተከትያት ተሻግሬያለሁ።

«ማን አውርጂ አለሽ?» አሉ ጋሽ መዶሻ።

«አንገቴን በርዶኝ ነው።»

የሲሚንቶ ወረቀት ለመነች። ቀጭኑን ቱቦ ለካች፣ ወፍራሙን ለካች፤ ወረቀቱ ላይ በሳሙና ሳለች፣ በጨርቅ መቀሷ ቆረጠች፣ ጠቅልላም በስፒል ያዘችው። የወረቀት እጅጌ ከወረቀት ገላ ጋር ገጠመ፤ ብርሃን እንኳ የሚያሾልክ ክፍተት የለውም። ጋሽ መዶሻ አንስተው አዞሩት። በአንዱ አፉ አንድ ዓይናቸውን አስገብተው አዩ።

«እጅጌ ነው እንዴ የሠራሽው?»

«እጅጌ ነው።»

በሌላው አፉም አዩ። ከዚያ በአገጫቸው ክምሩን አመለከቱ። «ከጥፋትሽ አንዱን አንሺና ቆርቆሮ ላይ ድገሚው።»

ደገመችው። ስትገጥመው አልገባም። ገፋችው፣ አልገባም። በመዶሻ መታ መታ አደረገችው፤ ተጣሞ ወደ ጎን ዞረ። የቀጭኑ ቱቦ አፍ ከተቆረጠለት ቀዳዳ ሰፍቷል።

«ትንሽ አስፍቼው ነው» አለች፤ ጆሮዋ ቀላ። «ሰብሰብ ብሎ ይገባል ብዬ።»

ጋሽ መዶሻ ጠረጴዛውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሰብሰብ! ቆርቆሮ ሰብሰብ! የሙሽራ ቀሚስ አደረግሽው እንዴ?»

አፋቸውን ለተለመደችው ነገር ሲከፍቱ አየኋቸው፤ «ጨርቅ አይደለም አላልኩሽም?» ሊሉ ነው። ግን የወረቀቱ ቱቦ እጃቸው ላይ ነበር። አፋቸውን ዘጉ። መዶሻ የሚባል ሰው አፉን ሲዘጋ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

«ጨርቅ ላይ ለምንድን ነው የምታሰፊው?» ብለው ጠየቋት። የምር ጠየቋት።

«ሰው ክንዱን ያነሳላ። ትርፍ ካልሰጡት ይቀደዳል።»

«ቱቦ ክንዱን አያነሳም» አሉ ቀስ ብለው።

«አያነሳም።» አሰበች። «ሌላስ? ቆርቆሮ ምን አመል አለው?»

«አይሳብም። አይሰበሰብም። የተበሳው ቀዳዳ አይደፈንም፤ የታጠፈው መስመር አይጠፋም።»

ዘምዛሚት ጭኗን በጥፊ መታች። «ቆዳ ነው በሉኛ!»

«ምን?»

«ቆዳ! ለጫማ ሠሪው ቦርሳ ሰፍቼለት አውቃለሁ። መርፌ አንዴ ከገባበት ቀዳዳው እንደቀረ ነው፤ ልክ ልኩን ካልቆረጡት አይገጥምም። ስንት ቀን ሙሉ ጨርቅ አይደለም፣ ጨርቅ አይደለም ሲሉኝ ከረሙ! ያልሆነውን ብቻ እየነገሩ ሰው ያስተምራሉ?»

«እኔ ስለ ቆዳ ምን አውቃለሁ?»

«እኔ አውቃለሁ! ቢጠይቁኝስ!»

እውነቷን ነው። እሳቸው ቆዳ አያውቁም፤ እሷ የቆርቆሮን አመል አታውቅም። ማን ያገናኘው? ጥያቄ ነው ያገናኘው። ጨርቅ መምሰሉ ቅርጹን አሳያት፤ ጨርቅ አለመሆኑ ደግሞ ቆዳ እንድታስታውስ አደረጋት። ብትሳሳትም ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ታውቃለች። በቃሏ ስትሳሳት ግን የት ጋ እንደሳተች እንኳ ማየት አልቻለችም ነበር። የበቀቀን ስህተት አይታረምም፤ በቀቀኗ ምን እንዳለች አታውቅማ!

ጋሽ መዶሻ ለመጋጠሚያው ያስቀመጡትን አዲስ ቆርቆሮ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት። ራሳቸው ዳሩን ያዙ። «እኔ እይዛለሁ» አሉ። «ቁረጪ።»

ለካች። ደግማ ለካች። እሳቸው «አስር ጊዜ…» ሊሉ ሲጀምሩ «የእኛ ተረት ነው፣ አይንኩብን» አለችና ቆረጠች። ተጠቀለለ። ሲገባ ጠብቆ ድምፅ ሰጠ፤ ጠርሙስ በክዳኑ ሲዘጋ እንደሚሰጠው ያለ ድምፅ።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ቱቦው ከተሰቀለ በኋላ ጋጋሪው ምድጃውን ለኮሰ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። መሰላል ላይ ወጥቶ መጋጠሚያው ዙሪያ መዳፉን አዞረ፣ አሸተተም። ከዚያ ሁላችንም ወደ ውጭ ወጥተን አንጋጠጥን። ጭሱ በጣሪያው አናት፣ በተሠራለት አፍ ብቻ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጋሽ መዶሻ «ጎበዝ» አላሉም። የሚሉም ሰው አይደሉም። «ነገ እንዳታረፍጂ» ነው ያሉት።

ዘምዛሚት በስልክ ለልጇ ስትነግር ከጎኗ ነበርኩ።

«ወንበሩስ እማዬ?»

«ለአማትሽ ስጫት።»

«አማቴ ወንበር አላት።»

«እንግዲያው ልብስ አስጪበት። ኮቱ አልቋል፤ መጥተሽ ውሰጂ። እባቡን አውጥቼዋለሁ በይው።»

በሳምንቱ ወደ ሥራ ስትገባ ዓይኗ ወደ መቃኑ ሄደ፤ ባዶ ነው። ምስማሩ የለም፤ የቀረው ቀዳዳው ብቻ ነው። እርሳሱና የመኪና ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል።

«ምስማሩስ ጋሼ?»

«ነቀልኩት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ሱሪዬን ቀደደው።»

ሱሪውን ወረወሩላት። እውነትም ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ዘምዛሚት አንዴ ሱሪውን፣ አንዴ ከራሷ በላይ ያለውን ቀዳዳ አየች።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ እዚያ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?»

«ትሰፊዋለሽ ወይስ ትመረምሪኛለሽ?»

ሰፋችው። ዳሩንም ዘመዘመችው።