ታች ቤት ሰው ተኝቷል

ፎንግ ዘንድሮ ሃምሳ ሰባት ደፈነች። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ዓመት ያሳለፈችው ሻም ሹይ ፖ ገበያ ጥግ ባለው ጥብስ ቤት፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ መጥረቢያ የሚያክል ቢላ ይዛ ነው። ከራሷ በላይ ዝይውና የአሳማ ጎድኑ በዘይት እያብለጨለጨ ተሰቅሏል፤ ከፊቷ ሰልፈኛው ‹‹እትዬ ፎንግ፣ ለእኔ ጭኑን!›› እያለ ይጮኻል፤ እሷ ቢላዋን አንስታ ጧ ታደርገዋለች። በሰፈሩ የእሷን ያህል እኩል አድርጎ የሚቆርጥ የለም። ይህን ሲነግሯት ደስ ይላታል፤ ይሁን እንጂ እንቅልፍ የነሳት ያው ክንድ ነው። በዚያ ክንድ ሰባት ዓመት ሙሉ ፒያኖ ስትማር ኖራለች፤ ኅዳር ላይ ደግሞ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ፈተና፣ ያውም የአምስተኛ ደረጃውን ልትፈተን ነው።

ፒያኖው የልጇ የቺን-ዪ ነበር። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሲሞላት፣ በዚያ ሰፈር ልጅ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እስከ አምስተኛው ፎቅ ድረስ በደረጃ በአራት ሸካሚ አስወጡላት። ሳምንትም ሳይሞላ ከታች ቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። የታች ቤቱ ጋሽ ሼ የሌሊት ዘበኛ ነበር፤ ሌሊት ሠርቶ ቀን ነው የሚተኛው። ፒያኖው መካከለኛ ፔዳል አለው፤ ወደ ታች ተጭነው ወደ ጎን ሲያንሸራትቱት ይቆለፍና በመዶሻዎቹና በክሮቹ መሃል ድምፅ የሚያፍን ወፍራም ጨርቅ ይጋርዳል። የዚያኑ ዕለት ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ሰው አንዱ ጮክ ባለ ቁጥር ሌላው ‹‹ቀስ በል፣ ታች ቤት ሰው ተኝቷል›› ይላል። ቺን-ዪ አራተኛ ደረጃ ላይ ሰልችቷት ተወችው፤ አግብታም ወጣች። ፎንግ አንድ ሰኞ የፒያኖውን አቧራ ስትጠርግ በጣቷ አንድ ቁልፍ ነካች፤ ደግማ ነካችው። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ዘንድሮ ሕንፃው እንዲፈርስ ተወሰነ። የተሰጣቸው አዲስ ቤት ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አየር አለው፣ አሳንሰር አለው፣ ስፋት ግን የለውም። ባሏ ማን-ሆይ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ሜትሩን ይዞ ሄዶ ለካና ፊቱን አኮሳትሮ ተመለሰ።

‹‹ዕቃ የሚያስጠጋ ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፤ ወይ ቁም ሳጥኑ ወይ ፒያኖው›› አላት።

‹‹ፒያኖው ነዋ!››

‹‹ቁም ሳጥኑ ልብስ ይይዛል። ፒያኖው ምን ይይዛል?››

‹‹እኔን።››

ማን-ሆይ ራሱን አከከ። ‹‹እሺ፣ እንዋዋል። ያን ፈተናሽን ካለፍሽ ፒያኖው ይገባል። ከወደቅሽ ግን አንቺ ዝይ ቆራጭ ነሽ፤ ፒያኖው ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ይሰጣል። ቅር እንዳይልሽ።››

ቅር ብሏታል፤ ግን ተስማማች። ለማለፍ ከመቶ ሃምሳ ነጥብ መቶውን ማምጣት አለባት።

አስተማሪዋ ሚስ ሴቶ ሰኞ ሰኞ ጥብስ ቤቱ ሲዘጋ እቤት ትመጣለች። ዕድሜዋ የፎንግ ግማሽ አይሞላም፤ ፎንግ ግን ከእሷ ፊት እንደ ተማሪ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። ዓመቱን ሙሉ እነዚያኑ ሦስት ሙዚቃዎች ሲፈጩ ከረሙ። ላዩ ላይ ስኬል የሚሉት፣ እንደ ኢ ሜጀር ያለውን ድምፅ በተርታ ወጥቶ መውረድ አለ፣ አይተውት የማያውቁትን ኖታ እዚያው አንብቦ መጫወት አለ፣ ፈታኙ ሲጫወት አዳምጦ ጥያቄ መመለስ አለ። ፈታኞቹ ከእንግሊዝ አገር ስለሚመጡ የትእዛዙን ቃላት ሁሉ በቃሏ ሸመደደች፤ ዝይ እየቆረጠች ሳይቀር ‹‹ኢ ሜጀር፣ በሁለት እጅ›› ስትል ደንበኛው ‹‹ምን አሉኝ?›› ይላታል።

‹‹እትዬ ፎንግ፣ ቀኝ እጅዎ እኮ ዝይ እየቆረጠ ነው›› ትላለች ሚስ ሴቶ።

‹‹ምን ላድርገው? ሲሠራ የኖረው እሱን ነው።››

‹‹ይኼ ጨርቅ ነው ያበላሸዎት። ድምፅ ሲታፈን ጊዜ ሳይታወቅዎት ይደበድቡታል። በሉ እናንሳው።››

ሞከሩት፤ ፎንግ በተቀመጠች ቁጥር መቆለፉን ለማረጋገጥ በእግሯ የምትገፋው ፔዳል ዝጎ አልነቃነቅ አለ። ፎንግም አልከፋት፤ ታች ቤት ሰው አለ። ሚስ ሴቶ ሌላ መላ መታች፦ ፈተናው ከሚሰጥበት ሕንፃ ፊት ለፊት በሰዓት የሚከራዩ የልምምድ ክፍሎች አሉ፤ ፎንግ በፈተናው ዕለት ቀድማ ገብታ ለአንድ ሰዓት ጣቷን ከእውነተኛ ድምፅ ጋር ታላምድ ተባለ።

ዕለቱ ደረሰ። ፎንግ ተከራይታ ገባች፤ በግራም በቀኝም ባሉት ክፍሎች ልጆች ፒያኖ ሲያንጫጩ እሷ ፒያኖዋ ፊት ቁጭ አለች፤ እግሯም ሳይታዘዝ ሄዶ መካከለኛውን ፔዳል ተጭኖ ቆለፈ። ሰዓቱን ሙሉ በታፈነ ድምፅ ተለማምዳ፣ ‹‹ይኼማ እንደኛው ነው፣ በከንቱ ነው የፈራሁት›› ብላ ወጣች። ዓመታት ሙሉ ያንኑ ያደረገ እግር ዛሬም ያንኑ አደረገ፤ እሷም ልብ አላለችውም።

በመጠበቂያው ክፍል እናቶች የዶሮ መረቅ በጠርሙስ ለልጆቻቸው እየጋቱ ተደርድረዋል። አንዷ ወደ ፎንግ ጠጋ ብላ ‹‹የልጅ ልጅዎ ስንተኛ ደረጃ ናት?›› አለቻት።

‹‹ተፈታኟ እኔ ነኝ።››

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። አጠገቧ ያለችው የዘጠኝ ዓመት ልጇ ግን ፎንግን ከእግር እስከ ራሷ አይታ፣ ‹‹አክስቴ፣ እጅዎ ከቀዘቀዘ ይኼን ይያዙ›› ብላ በጨርቅ የተሰፋች የእጅ ማሞቂያዋን ሰጠቻት። ፎንግ ማሞቂያዋን ጨብጣ ስሟ እስኪጠራ ተቀመጠች።

ክፍሉ ሰፊ ነው። ከመሃል የምሳ ጠረጴዛዋን ሦስት እጥፍ የሚያክል ጥቁር ግራንድ ፒያኖ ክዳኑን ከፍቶ ቆሟል። ነጭ ፀጉር ያላት ፈታኝ ከጥግ ሆና ሰላም አለቻት። ፎንግ ተቀመጠች፤ እግሯ መካከለኛውን ፔዳል ፈለገና አገኘው፤ ተጭኖ ወደ ጎን ቢገፋው ተመልሶ ብድግ አለ። ደገመችው፤ አሁንም ተመለሰ። ጨርቅ የለውም።

‹‹ኢ ሜጀር፣ በሁለት እጅ›› አለች ፈታኟ።

ፎንግ በለመደችው ጉልበት ጀመረች። ክፍሉ በአንዴ ሞላ። ወለሉ፣ መስኮቱ፣ የገዛ ደረቷ አብሮ ነዘረ። ትኩስ ትሪ እንደነካ ሰው ሁለት እጇን ከቁልፎቹ ላይ መነጨቀች፤ ድምፁ ግን እሷ ከተወችው በኋላም ለብቻው ቆሞ ነበር።

ፈታኟ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ፎንግ የሸመደደችው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋባትና በራሷ ቋንቋ ‹‹ታች ቤት ሰው ተኝቷል›› አለች። ፈታኟ አንድም ቃል ሳይገባት ፈገግ ብላ፣ አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ጀምሪ የሚል ምልክት በእጇ አሳየቻት።

እንደገና ጀመረች። በዚህ ጊዜ ጣቶቿን እንደ ሌባ ቀስ አድርጋ አሳረፈቻቸው፤ ድምፁም ቀስ ብሎ መጣ። ጠንከር ስታደርግ ጠንከር አለ። ፒያኖው የነገረችውን ሁሉ ይሰማታል! ሰባት ዓመት ሙሉ ለደንቆሮ ስትጮኽ ኖራ ዛሬ ጆሮ ያለው አገኘች። ሁለተኛውን ሙዚቃ፣ ቀርፋፋውን፣ ስትጫወት እየተጫወተች ያለችው እሷ መሆኗን ማመን አቃታት። የመጨረሻውን ድምፅ ይዛ ቆየች፤ ሳሳ፣ ራቀ፣ የት ላይ እንዳለቀ ሳታውቀው አለቀ። ፈታኟም ብዕሯን አንስታ አብራት ስትጠብቅ ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከነበረ ሰው እንዴት ዝም ብሎ በገበያ ይሄዳል ብላ ገረማት።

ችግሩ መጨረሻ ላይ መጣ። ፈታኟ ፒያኖው ዘንድ ሄዳ ለማዳመጥ ጥያቄው አጭር ሙዚቃ ተጫወተች። ፎንግ አፏን ከፍታ ሰማች። ፈታኟ ፍጥነቱ የቱ ጋ እንደተለወጠ ጠየቀቻት። ፎንግ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ‹‹ቆንጆ ነው›› አለች። ሌላ ጠየቀቻት። ‹‹በጣም ቆንጆ ነው።›› ከዚያ ሌላ አልወጣትም።

ባቡር ላይ ሁለት ጣቢያ እንዳለፈች አንድ ነገር ድንገት ትዝ አላትና ብድግ አለች። ጋሽ ሼ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ራሷ የሐዘን ገንዘብ ያለበት ነጭ ፖስታ ይዛ ቀብሩ ላይ ቆማለች። ‹‹ለሞተ ሰው ስድስት ዓመት በሹክሹክታ ስጫወት ኖርኩ›› አለችና መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ከፋት።

አራተኛ ፎቅ ላይ ቆማ አንኳኳች። የጋሽ ሼ ሚስት እማማ ሼ የብረቱን በር ከፈቱላት።

‹‹አለፍሽ?››

‹‹ገና ነው እማማ። አንድ ነገር ልለምንዎት። የፒያኖውን ጨርቅ ባነሳው ይረብሽዎታል? ለጋሼ እንቅልፍ ብለን የጋረድነውን።››

‹‹እሱስ አሁን የሚነቃ አይመስለኝም›› አሉ። ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ‹‹ቆይ አንቺ! ጨርቅ ነው እንዴ? እኔኮ ጆሮዬ የደከመ መስሎኝ ሐኪም ቤት ሁሉ ተመላልሻለሁ!››

ማን-ሆይ ከፒያኖው ሥር ተንበርክኮ ዘይት ጠብ አደረገ፤ ‹‹የአውቶቡስ ፍሬን ስፈታ የኖርኩ ሰው፣ ይቺማ ምን አላት›› እያለ በፒንሳ ታገላት። ፔዳሉ ተንጫጭቶ ተላቀቀ። ፎንግ ቀርፋፋውን ሙዚቃ ጀመረች። ድምፁ እንደ ፈተናው ክፍል አልነበረም፤ አሮጌና ሻካራ ነው፤ ቢሆንም ከቤቱ አልፎ በመስኮት ወጣ።

‹‹ማነው ራዲዮ የከፈተው?›› አለ አንዱ ከታች።

‹‹ራዲዮ አይደለም፣ የዝይዋ ፎንግ ናት!››

ማን-ሆይ ፒንሳውን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ሲያልቅ ‹‹ይኼ ነገር ሁልጊዜ እዚህ ውስጥ ነበር?›› ብሎ ጠየቃት። እሷም ያንኑ እያሰበች ነበር።

ውጤቱ ከወር በኋላ መጣ፤ ዘጠና ስምንት። የማዳመጥ ጥያቄው ላይ ምንም ነጥብ አላገኘችም ማለት ይቻላል። ፎንግ ከሥራ መጥታ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወረቀቱን ለባሏ ዘረጋችለት።

‹‹ወደቅሁ። በሁለት ነጥብ። ቃል ቃል ነው፣ ሰብሳቢውን ጥራው።››

ማን-ሆይ ወረቀቱን አነበበ፣ አገላበጠ። ‹‹ቁም ሳጥኑን ለእማማ ሼ የልጅ ልጅ ሰጥቼዋለሁ›› አለ። ‹‹ዛሬ ጠዋት አወረዱት። አሁን ሄጄ መልሺ ልበላት?››

ፎንግ ዞር ብላ አየች። ቁም ሳጥኑ የነበረበት ግድግዳ ባዶ ነው፤ ልብሱ ሁሉ በላስቲክ ከረጢት ከአልጋው ሥር ተጠቅጥቋል።

‹‹ውላችንስ?››

‹‹ውሉን የገባሁት ፒያኖውን ሳልሰማው ነው። ደግሞም ወድቀሻል አይደል? ሳትለማመጂ ልትደግሚው ነው?››

ፎንግ እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ ፒያኖው ፊት ተቀመጠች። እግሯ እንደ ልማዱ መካከለኛውን ፔዳል ፍለጋ ሄደ፤ መልሳ ከወንበሩ ሥር ሰበሰበችው። ገና ጥቂት እንደተጫወተች ከታች ቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ደንግጣ እጇን አነሳች።

‹‹ምነው ቆምሽ?›› አሉ እማማ ሼ በመስኮት። ‹‹ጨምሪበት!››