ሰኞ መኪናው ሁሉ ባቲ ነው

ሐኪሙ ቀጠሮዬን ለሰኞ ጧት ሲያደርገው ምነው ሌላ ቀን ባደረገልኝ ብዬ በሆዴ አስቤ ነበር። የልጆች እግር በጀሶ የሚታሰረው ሰኞ ጧት ብቻ ነው አለኝ። ደሴ ለሚኖር ሰው ሰኞ እንደማንኛውም ቀን ነው። ከሚሴ ለምንኖረው ግን ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ በባቲ ገበያ ቀን ደግሞ ከመናኸሪያችን ደሴ የሚሄድ መኪና ማግኘት ጭንቅ ነው።

ልጄ አንድ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው የተወለደው። ቆልማማ እግር ይሉታል። "ሲያድግ ይስተካከላል" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን የጎረቤት ልጅ ግድግዳ ይዞ ሲቆም የእኔው በእግሩ ጎን ሊቆም ሲሞክር አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። አባቱ ለሥራ ሎጊያ ነው፤ ስለዚህ ብቻዬን ይዤው ደሴ ሄድኩ። ሐኪሙ እግሩን በእጁ ይዞ ቀስ እያለ ትንሽ ያቀናውና ከጣቱ እስከ ታፋው በጀሶ ይጠቀልለዋል። በሳምንቱ ያ ጀሶ ይወልቃል፤ እግሩ እንደገና ትንሽ ይቀናል፤ አዲስ ጀሶ ይደረጋል። እንዲህ እየተባለ ነው ወደ ቦታው የሚመለሰው።

አሮጌው ጀሶ የሚወልቀው ቤት ነው። ሕክምናው ጋ ውሃ እንደልብ ስለሌለ፣ የምንሰለፈውም እናቶች ብዙ ስለሆንን፣ በቀጠሮው ቀን ጧት ጀሶውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈን፣ ፈትተነው እንድንመጣ ታዘናል።

"ከፈታችሁት በኋላ ግን ቶሎ ድረሱ" ብሎናል ሐኪሙ። "እግሩ ባዶውን ከቆየ ወደ ለመደበት መመለስ ይጀምራል። እኛም ከምሳ በኋላ ጀሶ አንሠራም።"

የተማርኩት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የተነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምይዘው። ሰኞ ሰኞ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ውሃ አሙቄ፣ ልጄን ገበታ ውስጥ አስቀምጬ፣ ጀሶው እንደ ሊጥ እስኪልም ጠብቄ ሽፋኑን ዙር በዙር እፈታዋለሁ። ከዚያ አዝዬው መናኸሪያ።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አያስጨንቅም ነበር። አንድ የሕዝብ አውቶቡስ ነበረ። ወንበሩ የተቀደደ፣ መስኮቱ የማይዘጋ ነው፤ ነገር ግን ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ይነሳል። የባቲ ገበያም ይሁን ሌላ ገበያ ግድ የለውም፤ ደሴ ከተባለ ደሴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጀሶዎች ያሠራሁት በእሱ እየሄድኩ ነው። አንድ ቀን ስመጣ መናኸሪያው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጎማው ወልቆ አገኘሁት። "ነገ ይሠራል" ተባለ። ከሥሩ ፍየሎች ጥላ ይዘው መተኛት ከጀመሩ በኋላ ነገ የሚለውም ቀረ።

አሁን የምናገረው አውቶቡሱ ከቆመ በኋላ ስለነበረ አንድ ሰኞ ነው።

ልጄን አዝዬ ስደርስ መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሚኒባስ ብቻ ቆሟል። ረዳቱ በር ላይ ሆኖ ባቲ ባቲ ይላል።

"ደሴ ነኝ" አልኩት።

"ዛሬ ደሴ የለም፣ እትዬ። ሰኞ እኮ ነው።"

"ኮምቦልቻ አውርደኝ፤ ከዚያ ደሴ አላጣም።"

"አንቺ ኮምቦልቻ ስትወርጂ ወንበሩን እስከ ባቲ ማን ይቀመጥበታል?"

"የባቲውን ሒሳብ እከፍልሃለሁ።"

"ብትከፍይም ቦታ ተይዟል።"

አንገቴን ወደ ውስጥ አስግጌ አየሁ። አንድም ሰው የለም። በየወንበሩ ላይ ዱላ ተጋድሟል።

"ሰው የለበትም እኮ። ዱላ ነው ያለው።"

"ዱላው ሰው አለው።"

አጠገባችን ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሰውዬ፣ "እህቴ፣ ዱላውም ሒሳቡን ከፍሏል" ብሎ ሳቀ።

የባቲ ነጋዴዎች ልማድ ነው። ገና ሳይነጋ ይመጡና ዱላቸውን ወንበር ላይ አጋድመው ፉል ሊበሉ፣ ሻይ ሊጠጡ፣ ዕቃቸውን ሊያስጭኑ ይሄዳሉ። በእኛ አገር የሰው ዱላ አይነሳም። ዱላውን ማንሳት ባለቤቱን እጁን ይዞ ከወንበሩ እንደመጎተት ነው የሚቆጠረው። እኔም አላነሳሁም። ከአዲስ አበባና ከሸዋሮቢት የሚመጡት መኪኖች በዋናው መንገድ ያልፋሉ፤ እጄን ዘረጋሁላቸው፤ ሞልተው ስለሚመጡ ቀዝቀዝም አላሉልኝ። ተመልሼ መናኸሪያው ውስጥ ቆምኩ። ዱላዎቹ ተቀምጠዋል፣ እኔና ልጄ ቆመናል።

የልጄን እግር ሐኪሙ እንደሚይዘው አድርጌ ያዝኩለት። ተረከዙን በአንድ እጄ፣ ጣቶቹን በሌላው። እግሩ በመዳፌ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሲገፋኝ ይሰማኛል። ሌላ ሰው ቢይዘው አይታወቀው ይሆናል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የማስበው ይህንኑ እግር ስለሆነ አወቅኩት። ጀሶውን አንዴ ከፈታሁ በኋላ መልሼ ላስረው አልችልም። ቤት ልመለስ ብል ሳምንት ሙሉ ባዶውን ሊቆይ ነው። ልሂድ ብል መኪና የለም።

ፀሐዩ መናኸሪያውን ሲሞላው ባለ ዱላዎቹ አንድ በአንድ መጡ። ከመካከላቸው ገመድ እየፈተሉ ለግመል ነጋዴ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ገመዳቸውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስጭነው ሲመለሱ አዩኝ።

"አካም ቡልተን" አሉኝ፤ እኔም በኦሮምኛ ደህና ማደሬን መለስኩላቸው። ቀጥለው ወደ ልጄ እግር ጎንበስ አሉ። "ምን ሁኖ ነው እንዲህ አንቀሽ የያዝሽው?"

ነገርኳቸው። ጀሶውን መፍታቴንም፣ እስከ ምሳ መድረስ እንዳለብኝም። ሽማግሌው ገብተው ዱላቸውን አነሡና ወንበሩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

"ታኢ፣ ታኢ። ቁጭ በይ። እኔና ዱላዬ በር ላይ እንሆናለን።"

ረዳቱ መጣ። "አባባ፣ ትርፍ ይሆናሉ። ትራፊክ አለ።"

"ትራፊኩን እኔ አናግረዋለሁ።"

"ምን ብለው?"

"ምን እላለሁ፤ አርጅቻለሁ እላለሁ።"

ሰው ሳቀ፤ መኪናው ተነሣ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ መንገዱ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከከተማው እንደወጣን የባቡሩ ሐዲድ በሩቁ ታየ። ሐዲዱ ከተዘረጋ ቆይቷል፤ ምሰሶው ተተክሏል፣ ሽቦው ተወጥሯል። ባቡር ሲያልፍበት ግን እኔ በዓይኔ አላየሁም። ሲሠራ ጊዜ ኮምቦልቻ ቁርስ በልቶ ከሚሴ መመለስ ይቻላል ይሉን ነበር። በር ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ በመስኮቱ አሻግረው አዩና፣ "ይኼ ባቡር የሚሉትስ መቼ ነው የሚመጣ?" አሉ።

ከኋላ አንዱ ጎልማሳ፣ "አባባ፣ ዱላዎን ሐዲዱ ላይ ጣል አድርገውለት ይምጡ። ሲመጣ ቦታ ይያዝልዎታል" አላቸው።

መኪናው በሳቅ ሞላ። ሽማግሌውም ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ያን ሁሉ ብረት እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ሰኞ ጧት አንዲት ባቡር ብታልፍ ኖሮ ልጄ አሁን ጀሶው ታስሮለት ነበር።

ብዙም ሳንሄድ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ አደረገ። ትራፊክ ፖሊስ ፊት ለፊት አለ ማለት ነው። ሹፌሩ ዳር ያዘና ቆመ። እንዲህ ሲሆን ትርፍ የተጫነው ሰው ይወርድና በእግሩ ፖሊሱን ያልፋል፤ መኪናው አልፎ ወዲያ ማዶ ይጠብቀዋል።

"ትርፉ ማነው? ቶሎ ውረዱልን" አለ ረዳቱ።

ወንበሩ የእሳቸው ስለሆነ ልነሣ ልጄን አቀፍኩ። ሽማግሌው በዱላቸው መንገዴን ዘጉብኝ። "እኔ ነኝ ትርፉ። ቁጭ በይ" ብለው ወረዱ።

ፖሊሱ ጣሪያው ላይ የተጫነውን እያየ፣ ወረቀት እየጠየቀ አቆየን። ከዚያ አልፈን ዳገቱ ጥግ ቆመን ጠበቅናቸው። ጉልበታቸው ታማሚ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። በመስኮቱ ዞሬ ሳይ፣ በዱላቸው ተደግፈው ጥቂት ይራመዳሉ፤ ይቆማሉ፤ ደግሞ ይራመዳሉ።

"ገበያው ሊያልፈን ነው፤ እንሂድ" አለች ከፊቴ የተቀመጠች ነጋዴ።

"ገመዳቸውስ? ላይ ነው ያለው" አለ ረዳቱ።

"ባቲ ሲደርሱ ይወስዱታላ።"

"በምን ሊደርሱ? በዱላቸው ጋልበው?"

የእኔም ልብ እንሂድ እንዲባል ፈልጎ ነበር። ወንበራቸውን የሰጡኝን ሰው መንገድ ላይ ጥለን እንድንሄድ ተመኘሁ፤ ልጄን አይቼ ነው። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ደርሰው ሲገቡ ላብ ፊታቸውን አጥቦታል። "አስረፈድኩሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "አብሽሩ፣ አባቴ" አልኳቸው። ውስጤ ግን እየነደደ ነበር፤ የምናደድበት ሰው ደግሞ አጣሁ። በእሳቸው ልናደድ አልችልም። ረዳቱ ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ አያዋጣውም። ነጋዴዋ ሰኞ ካለፋት ሳምንቱ አለፋት። ፖሊሱም ትርፍ አትጫኑ ቢል አልዋሸም። ሁሉም ትክክል ነው፤ የልጄ እግር ብቻ በእጄ ውስጥ ይጣመማል።

ኮምቦልቻ ወርጄ የደሴውን ሚኒባስ ያዝኩ። እሱም እስኪሞላ ጠበቀ። ደሴ ደርሼ ሕክምናው ግቢ ስገባ የዙሁር አዛን ይሰማል። ጀሶ የሚሠራበት ክፍል ተቆልፏል። ወለሉ ታጥቦ ውሃው በበሩ ሥር ወጥቷል። ጥበቃው ከወንበሩ ሳይነሣ አየኝ።

"አለቀ፣ እናቴ። ጧት ነው መምጣት የነበረብሽ።"

"ጧት ነው የተነሣሁት።"

"ከየት?"

"ከከሚሴ።"

"ከሚሴማ ቅርብ ነው እኮ።"

ባዶውን እግር በሻርፔ ጠቅልዬ ተመለስኩ።

በማግሥቱ የመናኸሪያው ቢሮ ሄድኩ። ቢሮ ገብቼ መናገር አልወድም፤ ቃሉ ይጠፋብኛል። የሄድኩት ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ይዤ ስላደርኩ ነው። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ አስቀመጠኝ።

"አውቶቡሱ መለዋወጫ ይፈልጋል" አለኝ። "በጀቱ አልተለቀቀም።"

"እስኪለቀቅስ?"

"ሚኒባስ አለ።"

"ሰኞ የለም። ሰኞ መኪናው ሁሉ ባቲ ነው።"

"እሁድ ሂጂና እዚያው እደሪያ።"

"እሁድ ሰንበቴ ነው ገበያው። መኪናው ሁሉ ወደዚያ ይዞራል።"

እስኪርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳቀ። "እውነትሽን ነው፣ ወላሂ። እንግዲያ ቅዳሜ ሂጃ።"

ለእሱ ቀልድ ነበር። እኔ ግን ቅዳሜ ሄድኩ። ትልቋን ልጄን ጎረቤት ጋ አስቀመጥኳት፤ ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርሳት፣ ማታ ማን እንደሚያለብሳት ሳስብ መንገዱ አለቀ። ደሴ የልጆቼ አባት ዘመድ ቤት አደርን። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ልጄም ሌሊት ያለቅሳል። ለአንድ ጧት ሕክምና የሰው ቤት ሁለት ሌሊት ማስቸገር ከበደኝ።

ሰኞ ከሰልፉ ፊት ነበርኩ። ሐኪሙ እግሩን ያዘ፤ ወደ ላይ ወደ ታች አየው።

"ያለፈው ሰኞ የት ነበርሽ?"

"መኪና አጥቼ ነው። ስደርስ ተዘግቶ ነበር።"

"ሁላችሁም መኪና ነው የምትሉት" አለ።

"ሁላችንም የምንለው እውነት ስለሆነ ነው" አልኩት። ሐኪም እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። እግሩ ሁለት ጀሶ ያህል ወደ ኋላ መመለሱን ነገረኝ፤ የጠፋውን መልሶ ማምጣት ይቻላል፣ ሰኞ ግን ከእንግዲህ ሊያልፈኝ አይገባም። ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ ብቀር እንኳ እግሩ ባዶውን እንዳይውል ጀሶውን ቤት ሳልፈታ እንድመጣ እንዲፈቅድልኝ ለመንኩት። ውሃው ከየት ይመጣል አለ። በጀሪካን ይዤ እመጣለሁ፣ ግቢው ውስጥ ጥግ ይዤ ራሴ እዘፈዝፈዋለሁ አልኩት። እሺ አለ።

ልጄ ሲያለቅስ ጉልበቱን ያዝኩለት፤ ሐኪሙ እርጥቡን ጀሶ ከጣቶቹ ጀምሮ ይጠቀልል ጀመር። ለሚመጣው ሰኞም ቅዳሜ መነሣት እንዳለብኝ፣ ትልቋን ልጄን ማን ጋ እንደማስቀምጣት፣ የዘመዶቹን በር በምን ፊት ደግሜ እንደማንኳኳ እያሰብኩ ነበር። ጀሶው ገና አልደረቀም።