ለባሕሩ የተገዛው ብርቱካን

ልጄ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እዚሁ ሜልበርን ውስጥ ከአስኮት ቬል ሰፈር ለቀን ዳንደኖንግ ከገባን ገና አንድ የትምህርት ተርም አልሞላንም፤ አዲሱ ትምህርት ቤት አልሆናትም። ምሳዋን ብቻዋን ላይብረሪ ውስጥ እንደምትበላ የሰማሁት ከእሷ አይደለም፤ እዚያ የምትሠራው ሴት ናት የነገረችኝ። ቤት ስትገባ "እንዴት ዋልሽ?" ስላት "ፋይን" ትለኝና በሯን ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ጸጥታ እናት የሆነች ታውቀዋለች።

ስለዚህ የጂኦግራፊ መምህሯ ክፍሉን ወደ ባሕር ዳርቻ ሊወስድ ነው፣ አብሮ የሚሄድ ወላጅ ይፈለጋል የሚል መልእክት ሲመጣ አላመነታሁም። ሥራዬ የሰው ልጆችን ቤቴ ውስጥ መጠበቅ ስለሆነ ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚጠየቀው የፈቃድ ካርድ አለኝ። ቀኑን ኦፍ ወሰድኩ። እውነቱን ለመናገር ስለ ጂኦግራፊ ምንም አልገደደኝም፤ ልጄ ከሰው ጋር ስትቀመጥ ማየት ነበር የፈለግሁት።

ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷን በትራስ ሸፈነች።

"ማም፣ ፕሊስ። ከመጣሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። ማንንም አታነጋግሪ።"

"ሰላምታስ?"

"ሰላምታ ይቻላል። አንድ ጊዜ።"

መምህሩ ረጅም፣ አንገቱን ፀሐይ ያቃጠለው ወጣት ነው። አውቶቡሱ ከባሕሩ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ አወረደን። እኔ የጠበቅሁት አሸዋ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ነፋስ እየገረፈ ያጎበጠው፣ ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ የሞላው ሜዳ። ልጆቹ አራት አራት ሆነው መሬቱ ላይ በገመድ ካሬ እንዲሠሩና ውስጡ የበቀለውን እንዲቆጥሩ ታዘዙ። አራት አራት ሲባል ዓይኔ ወዲያው ልጄ ላይ ሄደ። ሌላው ሁሉ ተቧድኗል፤ እሷ አጎንብሳ ያልተፈታ የጫማ ክር ታስራለች። መምህሩ መጥቶ አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ካለችበት ቡድን ጨመራት። ከጎናቸው ቆመች እንጂ አብራቸው አልቆመችም።

በዚህ መሐል መምህሩ ብርቱካን የሞላበት ከረጢት "ይህን ይያዙልኝ" ብሎ ሰጠኝና፣ ገደሉ አፋፍ የተጠጋ ልጅ ሊመልስ ሮጠ።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ። ብርቱካኑ እጄ ላይ ነው፤ ልጆቹ ነፋስ ላይ ቆይተው አፍንጫቸው ቀልቷል። እኛ ደግሞ ፍሬ ይዞ የሰው ልጅ ፊት ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እየላጥኩ አደል ጀመር። ቀይ ፀጉሯ ልጅ እጇ ጭቃ ስለነበር ቆማ ታየኛለች። "ነይ፣ አፍሽን ክፈቺ" ብዬ አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገምኳት። ከኋላዋ የነበረው ልጅም አፉን ከፍቶ መጣ። ከዚያማ ሰልፍ ሆነ።

ልጄ ጥርሷን ነክሳ መጣች። ሌላው እንዳይገባው በአማርኛ ነው የምትቆጣኝ። "ማም፣ በእጅሽ አታጉርሺያቸው። እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም።"

"እነሱ አልተቆጡም እኮ።"

"እኔ ተቆጥቻለሁ።"

አሸዋው ላይ ስንወርድ መምህሩ እጆቹን አፋተገና "አሁን ብርቱካኖቹን" አለ። ከረጢቱን ሰጠሁት። ከፍቶ አየ። ያለው ልጣጭ ነው።

ነገሩ ለካ እንዲህ ኖሯል። ብርቱካን ባሕር ላይ ሲጣል አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋሱ እንደልቡ አይነዳውም፤ የሚወስደው ውኃው ነው። ዳርቻውን ይዞ ምን ያህል እንደተጓዘ ተለክቶ፣ ባሕሩ አሸዋውን ወዴት እንደሚያጓጉዝ ይታወቃል። የዕለቱ ዋና ትምህርት ይህ ነበር። እኔ አጉርሼ ጨርሼዋለሁ።

"ለልጆቹ የመጣ መስሎኝ ነው፤ ይቅርታ" አልኩት። ልጄ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አፍንጫዋ ስባዋለች። የዚያን ሰዓት ምነው ቤቴ በቀረሁ አልኩ። ልረዳት መጥቼ ጭራሽ ላይብረሪው ውስጥ ቆልፌባት ልመለስ ነው።

"ሰር፣" አለች ቀይ ፀጉሯ፣ "ኤክስፐሪመንቱን በልተነዋል።" አንድ ሁለቱ ሳቁ። ወደ ልጄ ዞረችና "እናትሽ ሌላ የሚንሳፈፍ ነገር አልያዘችም?" አለቻት።

ልጄ መሬት መሬት አየች። "አላውቅም" ማለት ትችል ነበር። "ሎሚ አላት" አለች በመጨረሻ። "ሁልጊዜ ሎሚ አላት። መኪና ስለሚያዞራት ታሸተዋለች።"

"ታሸተዋለች?"

"እብደት ይመስላል። ግን ይሠራል፤ እኔም አሸተዋለሁ።"

መጥታ ቦርሳዬን ራሷ ከፈተችው። ለዚያ ሁሉ ልጅ አንድ ሎሚ። ቡድን የሚባለው ቀረና ሁሉም እሷን ከበቡ። ወረወረችው፤ ማዕበሉ መልሶ እግሯ ሥር ጣለው። ደገመች፤ መለሰው። "ባሕሩም ጠግቧል" አለ አንዱ ልጅ፤ ልጄ ራሷ ናት ቀድማ የሳቀችው። ቀይ ፀጉሯ ጫማዋን አወለቀች፣ የልጄን እጅ ያዘች፤ መምህሩ "ከጉልበት በላይ እንዳትገቡ" እያለ ገቡ። በዚህኛው ውርወራ ሎሚው ተነሥቶ ሄደ። አንዱ ሰዓት ይጠራል፣ ሌላው ሜትሩን ይጎትታል፣ ክፍሉ በሙሉ ዳርቻውን ይዞ ከአንዲት ሎሚ ጋር ይሮጣል። ልጄ ከፊት ናት፣ "እዚያ፣ እዚያ" እያለች በጣቷ ታሳያለች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ቦታ ይዤላት ነበር። እርጥብ ካልሲዋን አንጠልጥላ አልፋኝ ወደ ኋላ ሄደች። ቦርሳዬን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጥኩ።

ትንሽ እንደሄድን የኋላው ጫጫታ በረታ። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው፤ ስለ እኔ እያወራች እንደሆነ ገብቶኛል። መምህሩ ዝም ሊያሰኛቸው ከወንበሩ ብድግ ሲል እጅጌውን ያዝ አደረግሁት።

"የኔዋ ናት" አልኩት።

ዞሮ አያትና ተቀመጠ። "ድምፅዋን ለይቼ አላውቀውም ነበር" አለኝ።

እስከ ዳንደኖንግ ድረስ ዝም በሉ ያላቸው የለም።