የእትዬ ሙሉ ስልስ ቀማሽ

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከእህል ተራው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላት አንዲት ሴትዮ ሸራ ወጥራ ምግብ መሸጥ ከጀመረች ሰንብታለች። ባለፈው ሳምንት ለበዓል ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ በዚያ ሳልፍ፣ የቲማቲም ድልህ በሰሊጥ ዘይት ሲቁላላ ሸተተኝ፤ ከላዩ ቀረፋ ጣል አድርጋበታለች። እግሬ አልታዘዝ አለኝና ቆምኩ። ሴትዮዋ የራበኝ መስሏት «ተፈደሊ፣ ተፈደሊ» እያለች በርጩማ ሳበችልኝ። ራብ አልነበረም። ቅናት ነው። የልጆች እናት ሆኜ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ገበያ መሃል ዘንቢል አንጠልጥዬ ቆሽቴ አረረ ብል ማን ያምነኛል?

ሽታው የእትዬ ሙሉ ነበር። ያደግነው አንድ ሆሽ ውስጥ ነው፤ እዚህ አገር ግቢውን እንዲያ ይሉታል። ከጎንደር፣ ከመተማ፣ ከአርማጭሆ ጦርነትና ረሃብ የገፋቸው ቤተሰቦች በጭቃ ጡብ ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠን እንኖር ነበር። መሃል ላይ የውኃ በርሜል፣ ከበርሜሉ አጠገብ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ገመዱ የላላ ዐንገረብ አልጋ። እትዬ ሙሉ ጥግ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ባልም ልጅም አልነበራትም። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ስታበጥር ትውልና አመሻሽ ላይ ገለባው በተከናነበችው ቶብ ላይ ተጣብቆ ትመጣለች፤ ደጃፏ ላይ ስታራግፈው የግቢው ዶሮ ሁሉ ይሰበሰብባታል። ወጣት ሳለች ፋሽጋ እርሻ ላይ ክፉ ትኩሳት ይዟት ከሞት አፋፍ እንደተመለሰች ትልልቆቹ ሲያወሩ እሰማ ነበር። እሷ ግን አንስታው አታውቅም። ከዚያም በፊት ጎንደር ፒያሳ ምግብ ቤት ውስጥ ሠርታለች። ፓስታ በሥጋ ስልስ የተማረችው እዚያ ነው።

ለገናና ለፋሲካ ዶሮው የየቤቱ ነው፣ ፓስታው ግን የእትዬ ሙሉ። በሬው በዋዜማው ጠዋት ይታረድና መጀመሪያ የሚወጣው ለስልስ የሚሆነው ቀይ ሥጋ ነው። መፍጫ ማሽን የሚባል ነገር ስላልነበረ ኒሙ ሥር ቁጭ ብላ እንጨት ላይ በቢላዋ ትከትፈዋለች፤ ታክ ታክ ታክ የሚለው ድምፅ ለኛ ለልጆቹ የበዓል ደወል ነበር። ሽንኩርቱን ትልቁ ብረት ድስት ውስጥ ያለ ዘይት ታንገላታዋለች፤ ወርቅማ ሲሆን ከመጋዘን ያመጣችውን የሰሊጥ ዘይት ታፈስበታለች፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ከዚያ ሥጋውን። ሥጋው ውኃውን ጨርሶ መንጣጣት ሲጀምር ጆሮዋን ወደ ድስቱ ታዘነብላለች። «ስልስ በጆሮ ነው የሚበስል» ትላለች። የቲማቲሙን ድልህ ከቆርቆሮው ጠራርጋ፣ በርበሬ ጣል አድርጋ፣ የቀረፋውን እንጨት ሰብራ ጨምራ፣ ከሰሉን ቀነስ ታደርግና እስኪያመሽ ታንተከትከዋለች። ስልስ ካላደረ ስልስ አይባልም ባይ ነች፤ በማግስቱ የሚቀረው ፓስታውን መቀቀል ብቻ ነው።

ችግሩ በዋዜማው ሰው ሁሉ ጾመኛ መሆኑ ነው። ዶሮው ሲወጠወጥ፣ ሥጋው ሲቁላላ፣ አንዲትም ሴት ጣቷን ወደ አፏ አታስጠጋም። ስለዚህ የጨው ነገር የሚታወቀው በልጅ ነው፣ ገና ጾም ባልያዘ ልጅ። የእትዬ ሙሉ ቀማሽ እኔ ነበርኩ።

«ነይ የኔ ምላስ!» ስትለኝ ከየትም ብሆን እበራለሁ። የእንጨት ማንኪያውን እፍ እፍ ብላ መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኛለች። እኔ እልሳለሁ፤ እሷ አፌን ታያለች። «ጨው?» ትላለች። «ትንሽ» እላለሁ። ትጨምራለች። «አሁንስ?» «አቃጠለኝ» ካልኩ ቲማቲም ትጨምራለች፣ የስኳር ቁንጥር ትነሰንሳለች። «ቀረፋው ይሸታል፣ ደስ ይላል» ካልኩ ሌላ እንጨት ትሰብራለች። በቤታችን ልጅ ብዙ ነው፣ እኔ ደግሞ መሃል ላይ የተወለድኩ። ምን ትበያለሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ የታላቄን ጫማ አድርጌ፣ ታናሼን አዝዬ ነው ያደግኩት። እዚያ ድስት አጠገብ ግን አንዲት ትልቅ ሰው ጠይቃኝ መልሴን ትጠብቃለች። ያልኳት ይሆናል። በማግስቱ ሰው ትሪውን ከብቦ ሲያጣጥም እኔ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየሁ በኩራት ልፈነዳ እደርስ ነበር። እናቴ እንኳ እንግዳው ሁሉ ዶሮ ወጧን ትቶ ወደ ፓስታው ሲያጋድል ፊቷ ይጠቁራል። ቅናቱን ከማን እንደወረስኩት ይኸው።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ «ከእንግዲህ ጾም ነው» አለች። አለቀ። ልጅነቴ እንዲህ በአንድ ቃል ነው የተወሰደብኝ። በዚያው ሁዳዴ ደግሞ ማስተዋል መጣች።

ማስተዋል የእትዬ ሙሉ የእህት ልጅ ናት። እናቷ ባሱንዳ እርሻ ላይ ማሽላ አራሚ ነበረች፤ ልጅቱን ይዛ መዋል ስላልቻለች ለእህቷ ሰደደቻት። ከሎሪ ስትወርድ አስታውሳታለሁ፣ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ ዓይኗ ብቻ የሚታይ ከሲታ ነገር። የሰጧትን ሁሉ ትበላለች። በጨው የተነከረ እንጨት ቢሰጧትም የምትበላ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ሙሉ አጠበቻት፣ ፀጉሯን ጎነጎነቻት፣ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ከጎኗ አስተኛቻት። ያን ሰሞን የቀናሁትን ቅናት በኋላ በባሌ እንኳ አልቀናሁትም።

ቅዳሜ ሹር መጣ። ዐንገረቡ ላይ ተቀምጬ ማንኪያው ወደ ሌላ መዳፍ ሲሄድ አየሁ።

«ማስቱ፣ ጨው?»

«ተማም!» አለች፣ ጥሩ ነው ለማለት። አረብኛ ከተማረች ገና ሳምንቷ ነው፤ የምታውቀውም እሷኑ ነች።

«ቅመሙስ?»

«ተማም!»

ተነስቼ ሄድኩና «እትዬ፣ ቀምሼ ልትፋው? ካልዋጥኩት እኮ ጾሙ አይፈታም» አልኳት። ሳቀች፣ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። «ምላስሽ ጾመኛ ሆኗል ልጄ፤ አሁን የእግዜር ነው» አለችኝ። እግዜር በምላሴ ምን ያደርግበታል ብዬ ኒሙ ሥር አለቀስኩ።

በማግስቱ ፓስታው በሰፊው ትሪ ቀረበ። እንፋሎቱ የድሮው ነው፣ ቀለሙም የድሮው። አባቴ ጎረሰ፣ ማኘኩን ዘገየ። ሌላው ጎረሰ። ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። ማንም አልተናገረም፤ የበዓል ቀን ነው፣ የሰው ልፋት ነው። ከዚያ አባቴ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነውና «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» አለ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችው፤ ከከንፈሯ ጫፍ ግን ፈገግታ አመለጣት። እኔማ ምን ልበላችሁ፣ ከዕለቱ በዓል ይልቅ የደስታዬ በዓል ሆነ። አሁን ትዞርና «ምነው ልጄ ቀምሳልኝ በነበር» ትለኛለች ብዬ ዓይን ዓይኗን አየሁ።

እትዬ ሙሉ እንደ ወትሮዋ በፊቷ ባለው ፓስታ ላይ ቀይ ሸጣ፣ ያን የሚያቃጥል የበርበሬ ዱቄት፣ በማንኪያ ከምራ፣ ዓይኗ እስኪያለቅስ እየበላች ነበር። የጨው ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየችና «ምን ሆናችሁ?» አለች። ፊታችንን በየተራ አየችው። ከዚያ አቀረቀረች። ማስተዋልን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና ሸጣ ካልነካው በኩል አጎረሰቻት። ወደ እኔ አልዞረችም። ትሪው ላይ ተደፍቼ እሪ አልኩ። «ጾም ገና መያዟ ነው፣ በላይ በላዩ ጎርሳ ነው» ብለው የሎሚ ውኃ ግተው አስተኙኝ።

ለሚቀጥለው ገናም የጠራችው ማስተዋልን ነው። ያቺ የማትረባ ምላስ! አሁንማ ልጅቱ ከመቅመሷ በፊት እትዬ ወደ ክፍሏ ይዛት ትገባና የሆነ ነገር ታንሾካሹክላታለች፤ ልጅቱ ስትወጣ ፊቷ ኮስተር ይላል፣ ስትቀምስም ዓይኗን ጨፍና ብዙ ታስባለች። ስልሱ ተስተካከለ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ያ ስልስ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ በጎረስኩ ቁጥር የሁለቱን ሹክሹክታ አስብ ነበር። ማስተዋልም በተራዋ ሰባት ዓመት ሞላት፣ መቅመሱ ወደ ሌሎች ሕፃናት አለፈ። ቢሆንም ከድስቱ አጠገብ አልተነሳችም። ሕፃናቱን የምትጠይቀው እሷ ሆነች።

እኔ አግብቼ ወደ ሌላ ሰፈር ወጣሁ፤ በበዓል እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፣ ብርቱካን ይዤ እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ። ማስተዋል አግብታም ወልዳም አብራት ኖረች፣ ስታረጅ አጠበቻት፣ ስትታመም አስታመመቻት። እትዬ ሙሉ ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብላ ዐረፈች። አርባዋ ሲወጣ ለመጣው ሰው ምግብ ልናዘጋጅ እኔና ማስተዋል ያው ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ሽንኩርት ስንልጥ፣ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችንን ሆንን።

«እታለም፣ አፏ እንደማይለይ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«የማን?»

«የእትዬ። ከፋሽጋው ትኩሳት ወዲህ ጨውም ስኳርም ለሷ አንድ ነበር። ሽታም አይሸታት። የሚሰማት ሸጣው ሲያቃጥላት ብቻ ነው። ሰው እንዲያውቅባት አትፈልግም ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር ጾሙን ታሳብባለች።»

ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም። «ላንቺ ነገረችሽ?» ነው ያልኩት። ድምፄ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ያን ጨው የሌለውን ፋሲካ አታስታውሽም? በማግስቱ አስቀምጣ ነገረችኝ።»

«እኔ ካንቺ በፊት ስንት ጊዜ ቀምሼላት! ለኔ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።»

ማስተዋል ቢላዋውን አስቀመጠችና በክንዷ ዓይኗን ጠረገች።

«ለኔማ የነገረችኝ ቸግሯት ነው። ስለራበኝ ሁሉንም ጥሩ ነው እያልኩ አዋረድኳት። 'ልጄ፣ እኔ ያልሽኝን ነው የማምን፤ ሌላ መንገድ የለኝም፣ እንዳትዋሺኝ' ብላ ለመነችኝ። ላንቺ ምን ብላ ትንገርሽ? ያልሻት ሁሉ ልክ ነበር።» ሳቅም ቁጣም በሆነ ድምፅ ቀጠለች። «ከዚያ ወዲያ በቀመስኩ ቁጥር ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? 'እሷ ብትሆን ኸላስ፣ በቃ፣ ትለኝ ነበር ወይ?' እሷ ማለት አንቺ ነሽ። ሞቷ እስኪደርስ! ቀረፋው ለምን በዛ ስላት፣ 'እሷ ነች እንዲያ ያለችኝ' ትላለች። ወላሂ እታለም፣ እዚች ምድር ላይ እንዳንቺ የጠላሁት ሰው የለም።»

ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ሁለታችንም እንባ በእንባ ሆንን። ከዚያ ሆሽ የወጣ ሰው፣ ወደ ከሰላ ሄዶም ይሁን ጎንደር ተመልሶ፣ በበዓል ሲደውል የእትዬ ሙሉን ስልስ ያነሳል። በርበሬው ለስለስ፣ ቀረፋው በዛ፣ ወደ ጣፋጭነት ያደላ። አንድም ሰው የማያውቀው፣ እሷ ራሷ ቀምሳው የማታውቀው፣ ሰባት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ደስ ያላት ጣዕም ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ተረጋጋ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተረጋጋም፤ ሞቷ ሲደርስ አጠገቧ የነበረችው ማስተዋል ናት፣ ያንን ማንም አይሰጠኝም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁባት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀናብኝ እንደኖረች ከአፏ ስሰማ፣ ዘመዴ መሆኗ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ፋሲካን ለየብቻ ውለን አናውቅም። ቅዳሜ ሥጋውን እኔ ቤት እንከትፋለን፣ ልጆቿና ልጆቼ እግራችን ሥር ይተረማመሳሉ። ጨዉን እሷ ትይዛለች፣ ቀረፋውን እኔ። እስካሁን በልኩ ተስማምተን አናውቅም፤ ጎረቤት እስኪሰማ እንጨቃጨቃለን፣ ስልሱ ግን ምድጃው ላይ ሆኖ ይበስላል።