ዱቡሻ የተጠራው ኩባንያ

እኔ ነገር ሲመጣብኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። አርባ ምንጭ ውስጥ ሰርጉን የቀረጽኩለት ሁሉ ይመስክር፤ ሙሽራውን ራሱን «ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ» ብዬ የምቆጣ ሴት ነኝ። ያን ቀን ዶርዜ ላይ ግን ድምፄ ጠፋ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

የእናቴ ወንድም ዶርዜ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። የተወለዱባት፣ ሚስት ያገቡባት፣ ልጆች ያሳደጉባት የቀርከሃ ቤት ነበረቻቸው፤ የሠሯትም አባታቸው ናቸው። የዶርዜ ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው አይፈርስም። የተበላው ይቆረጥና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ግማሹ ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ሆኖ፣ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። አጎቴ ግን ይህን ሲያዘገዩት ኖረዋል። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ «ይህችን ቤት ከቀርከሃው ጥግ እንዳታርቃት» ብለዋቸው ነበርና። ምስጥ ኑዛዜ አያውቅም። እያጠረች እያጠረች በሯ ጎንበስ ብሎ እንኳ የማይገባበት ሲሆን፣ ባለቤታቸው «እንግዲህ ወይ ቤቷ ትነሣ ወይ እኔ ልነሣ» አሉ። አጎቴም እያመነቱ እሺ አሉ።

ቤት ተሸክሞ መሄድን እኔ ካልቀረጽኩት ማን ሊቀርጸው ነው ብዬ ድሮኔን ይዤ ወጣሁ። ድሮኗ ገና አዲስ ናት፤ ለፈቃዷ የተንከራተትኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለችው ስቱዲዮዬ የምትተነፍሰው በእሷ ነው። ዛሬ ከላይ ሆኖ የዓባያንና የጫሞን ሐይቆች የማያሳይ የሰርግ ቪዲዮ ለሙሽራ ብትሰጪ ፊትሽ ላይ ይወረውርልሻል።

ጠዋት ነው፤ ጉሙ ገና መነሣቱ ነው። ቤቷ ባዶ ሆናለች፤ ሸማ መሥሪያው፣ እንስራው፣ ቁርበቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። ወንዶቹ ገቡ፣ ያዙ፣ እየዘፈኑ ብድግ አደረጓት። ድሮኗን ለቀቅኳት። ከላይ ሲታይ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ፤ እግር ያወጣች ቤት በእንሰቱ መሐል ትሄዳለች። በደስታ ብቻዬን እስቃለሁ።

በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ቀላ። ባትሪው ከመጠን በላይ ሞቋል ይላል። ልመልሳት ብል እንቢ። ወደ ግራ ስላት ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ውረጂ ስላት ትወጣለች። ቀና ብዬ ሳይ ከሆዷ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ከዚያ ሞተሮቿ ቀጥ አሉና ቁልቁል መጥታ የቤቷ አናት ላይ፣ ክዳኗ የሆነው ደረቅ ኮባ ውስጥ ተሰካች። ወዲያው ነበልባል ወጣ። ከውስጥ ያሉት ምን ያውቃሉ፤ ዘፈናቸውን ቀጥለዋል። እኔ ሪሞቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀርቻለሁ። ያየችውና የጮኸችው የአጎቴ ሚስት ናት።

ቤቷን መንገዱ ላይ አስቀመጧትና በዚያች ጠባብ በር አንዱ በአንዱ ላይ እየወደቁ ወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ቤቷ ግን የስንት ዘመን የምድጃ ጭስ ያደረቃት ቀርከሃ ናት፤ ውሃ እስኪቀዳ እንኳ አልቆየችም። አጎቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እስክታልቅ ቆመው አዩዋት። ከዚያ «አባቴ ነግሮኝ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ጎረቤቱ ሳይጠራ ቀርከሃ እየተሸከመ መጣ። የአንዱ ሚስት ቆጮና ዳጣ ይዛ፣ የሌላው ሚስት ገመድ ይዛ። ግቢው በቀርከሃ ተሞላ። አጎቴ ግን አንድ ጉድጓድ እንዳይቆፈር ከለከሉ። በእኛ በጋሞ ሰው ነውር ከሠራ ጎሜ ይባላል፤ ተናግሮ ካልታረቀ መዘዙ ቤቱን አይለቅም። አጎቴ የአባታቸውን ቃል አፍርሰዋል፤ ቤቷ ደግሞ በተነሣች በዚያችው ሰዓት ተቃጠለች። ለእሳቸው ነገሩ ያለቀለት ነው፦ ያቃጠሏት አባታቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው፣ ቄሱም መክረዋቸዋል፤ ግን ማን ይሰማል። «ነውር የሠራ ሰው ሳይታረቅ በላዩ ቤት አይተክልም» እያሉ ጎረቤት ቤት ያድራሉ። ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ዶርዜ ላይ ክረምት ደግሞ ቀልድ አይደለም።

እኔ ለድሮኗ አምራች ጻፍኩ። ቤቷን፣ ሰዎቹን፣ ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ሁሉ ዘረዘርኩ። መልስ ወዲያው መጣና ደስ አለኝ፤ ለካ ማሽን ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። የእርስዎ እርካታ የእኛ ደስታ ነው።» ከዚያ በኋላ ወፍ የለም። ስጨቀጭቃቸው ሰው የሚመስል ነገር ብቅ አለና ድሮኗን ለምርመራ በካርጎ እንድልክ ጠየቀኝ። የቱን ድሮን? አመዱን በፌስታል ቋጥሬ ልላክ? የአመዱን ፎቶ ላኩለት። እንዲህ ሲል መለሰ፦ «በፎቶው ላይ የምርቱ ቁጥር በግልጽ አይነበብም። እባክዎ ቀረብ ብለው ያንሱ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ የነደደ ቤት እያሳየሁት እሱ ቀረብ በዪ ይለኛል።

ብዙ ከተጻጻፍን በኋላ ቁርጡ መጣ። የበረራ መረጃውን አይተዋል፤ ምርቱ እንከን የለበትም፤ ጉዳቱ የደረሰው ተገቢ ባልሆነ አጠቃቀም ነው። «ለተፈጠረው አለመመቸት ግን ሌላ ሲገዙ ቅናሽ እናደርግልዎታለን።» አለመመቸት አሉት እንግዲህ። ቤት ሙሉ ሰው ሊነድብን ነበር፣ እነሱ ጫማ የጠበበን አስመሰሉት። ደሜ ፈላ። በዚያው ንዴት ስልክ መትቼ ለአጎቴ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። አብረውኝ የሚናደዱ መስሎኝ።

«እንከን የለባትም አሉ?» አሉኝ።

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው ከእኔው ነው» ብለው ዘጉት። እነዚያ ሰዎች ቤቷን ሁለተኛ ያቃጠሏት ያኔ ነው።

አጎቴ ዱቡሻ ሄዱ። ዱቡሻ የአገሩ ሰው ሣር ላይ ተቀምጦ ነገር የሚጨርስበት ሜዳ ነው። «ጥፋቴን ተናግሬ ልታረቅ» ብለው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ግን የአንድ ወገን ቃል ብቻ ሰምተው አይበይኑም። ነገሩን ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ፣ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ወደ እኔ ዞሩ።

«ድሮኗን የሠራው ሰው ይጠራ» አሉ።

«አባቴ፣ እሱኮ ባሕር ማዶ ነው» አልኳቸው።

«ባሕር ማዶ ያለ ሰው አይጠራም? ስልክ ይዘሻል አይደል?»

ልስቅ ነበር፤ ማንም እንደማይስቅ ሳይ ዋጥኩት። ጻፍኩ። የዶርዜ ሽማግሌዎች በዚህ ቀን ዱቡሻ ተቀምጠው ይጠብቋችኋል፤ መምጣት ካልቻላችሁ ቃላችሁን ላኩ፤ የምትጠየቁት ገንዘብ አይደለም፣ እውነቱን ነው ብዬ ላኩት። እኔ በንዴት የጻፍኩት ሺህ መስመር ያልተናገረውን ሽማግሌው በአንድ ቃል ጨርሰውት ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሄድኩ። ተቀምጠዋል። በመሐላቸው ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ትተዋል። የማን እንደሆነ ስጠይቅ «የኩባንያው ነው» አሉኝ። አልቀለዱም። እንግዳ ቢዘገይስ ብለው ፀሐይ እስክትበረታ ጠበቁት። አጎቴ ራሳቸው የሸመኑትን ጋቢ ተከናንበው መሬት መሬት ያያሉ፤ በዚህ ሰበብ ከስተዋል።

በመጨረሻ «ቃሉስ አልመጣም?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

መጥቷል። መንገድ ላይ ሳለሁ ነው የገባው፤ እዚያው በፊታቸው ከፈትኩት። «ጉዳይዎ ተዘግቷል። ወደዚህ አድራሻ የሚላክ መልእክት በሰው አይነበብም።» ይኸው ነው። የሜዳው ሰው ሁሉ አፌን ያያል፤ እንግሊዝኛ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ይቅርታ ብለዋል፣ ጥፋቱ የኛ ነው ብለዋል ብል ማን ያውቃል? አጎቴ ዛሬውኑ ቤታቸውን ይተክላሉ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዱቡሻ ላይ መዋሸት ራሱ ጎሜ ነው፤ እሳቸውን ከአንዱ አውጥቼ ሌላው ውስጥ ልከታቸው ነው? እንዳለ ተረጎምኩት።

አንዱ ሽማግሌ «ማን ነው የዘጋው? እኛ ሳንሰማ?» አሉ። ቁጣም አልነበረባቸውም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። እኔ መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ እያልኩ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ «እስቲ መልኳን እንኳ አሳዪን» አሉ፣ ድሮኗን ማለታቸው ነው። የድሮኗ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ስላለ ሥዕሏን ላሳያቸው ከፈትኩት። ከፍቼው አላውቅም ከዚያን ቀን ወዲህ። ሥዕሏ ከመምጣቱ በፊት አንድ ማስታወቂያ ስክሪኑን ሸፈነው፤ አዲስ ማሻሻያ ይጫኑ ይላል። ልዘጋው ጣቴን ዘርግቼ ከሥሩ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አየሁ። «አንዳንድ ደንበኞች ባሳወቁት መሠረት፣ በከፍተኛና ቀዝቃዛ ቦታዎች ባትሪው እንዲግልና ድሮኑ ከቁጥጥር እንዲወጣ ያደርግ የነበረው የአሠራር ስሕተት ተስተካክሏል።»

ነገር ዓለሙ ዞረብኝ። አንዳንድ ደንበኞች ማለት እኔ ነኝ እኮ። ለእኔ እንከን የለባትም ብለው፣ እንከኗን ሲጠግኑ ኖረዋል። የእኔን ጩኸት ወስደው ለራሳቸው ተጠቀሙበት፤ ለእኔ ግን በሩን ዘጉብኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ከዚያ ተረጎምኩት፤ ሽማግሌው ድገሚው አሉኝና ደገምኩት።

አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ስሕተቱ ከራሷ ነው የሚሉት?»

«ከራሷ ነው።»

«ከአሠራሯ?»

«ከአሠራሯ ነው፣ አጎቴ። ሲሠሯት ነው የተሳሳቱት።»

ጋቢውን ከራሳቸው ላይ አወረዱት። ከንፈራቸው እንደ ልጅ ተንቀጠቀጠ። እኚህን ሰው የገዛ ልጃቸውን ሲቀብሩ አይቻቸዋለሁ፣ እንባ አልወጣቸውም ነበር።

«አባቴ አይደለማ?» አሉኝ።

ድምፄ እንደገና ጠፋብኝ። በራሴ ነቅንቄ ነው አይደሉም ያልኳቸው።