ፎቦስን ያስተማርኩት ሁመድ

ከአዋሽ የወጣሁት እንደ ብዙው ስደተኛ በሌሊት አይደለም። ሚኒባሱ የተነሳው ከሰዓት በኋላ፣ የአባቴ ሱቅ የቆርቆሮ በር በእጅ በማይነካበት ሙቀት ነው። እናቴ በፌስታል የቋጠረችልኝን ቴምር ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሰመራ በሹፌርነት የሚሠራው ወዳጄ ሁመድ እኔን ለመሸኘት ብሎ ከዚያ ድረስ መጥቷል። ከውጭ በመስኮቱ ጠጋ ብሎ፣

«አንተ ወሎዬ፣ ቀስ ብለህ ሂድ። በሰዓት አርባ ካለፍክ አትመለስም!» አለኝ።

«አርባ አንድ ነው» ብዬ አረምኩት።

ተሳፋሪው ግራ ገባው። እኛ ግን የምናወራው ስለ ፎቦስ ነበር።

ፎቦስ የማርስ ጨረቃ ነው። ትንሽ ነው ከሚባለው በታች ትንሽ ነው፤ ረጅሙ ጎኑ ወደ ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ስበቱ ደካማ ስለሆነ፣ ስልሳ ኪሎ የምመዝነው እኔ እዚያ ብቆም ከአንድ እንቁላል እቀልላለሁ። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ሱቅ ተቀምጬ በስልኬ ነው፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ ቀን በስኳር ካርቶን ላይ ሳሰላ፣ ከፎቦስ በሰዓት ከአርባ አንድ ኪሎ ሜትር በላይ ፈጥኖ የተነሳ ነገር ተመልሶ እንደማይወድቅ አገኘሁ። ሁመድ ውሃ ሊገዛ ቆሞ ነበርና ነገርኩት።

«እንግዲያውስ የሎግያ ከተማ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ተሰዶ ባለቀ ነበር» አለኝ።

ሁመድ አፋር ነው። አፋር ሲገናኝ ዳጉ የሚባለውን ወሬ ይለዋወጣል፤ ወሬውን ሲነግር ያየውንና የሰማውን አይቀላቅልም። ተቀባዩም «ያየኸው ነው የሰማኸው?» ብሎ ይጠይቃል። የሰማውን «አየሁ» ያለ ሰው ሁለተኛ አይታመንም።

ጀርመንኛም ለብቻዬ ተማርኩ። እዚህ ጀርመን የመጣሁት በ«አውስቢልዱንግ» ነው፤ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ ሙያውን እማራለሁ። ለቤተሰቤ ያልነገርኩት ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ፎቦስ ላይ የሚወርድ ባለጎማ መሣሪያ በጀርመንና በፈረንሳይ ሰዎች እንደተሠራ፣ የጃፓን መንኮራኩርም ይዛው እንደምትሄድ አንብቤያለሁ። መንኮራኩሯ ከፎቦስ አፈር ዘግና አገሯ ትመለሳለች። መመለሻዋ የተሰላው ገና ሳትነሳ ነው። ቀናሁባት።

አከራዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው።

«ከየት ነህ?» አሉኝ።

«ከአዋሽ።»

«ከዚያስ በፊት?»

«አባቴ ከወሎ ነው የመጣው።»

«ታዲያ ከየት ነህ?»

ሳይንቲስቶችም ስለ ፎቦስ የሚከራከሩት በዚሁ ነው፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ ማርስ ያስቀረችው እንግዳ ነው ወይስ ከራሷ የተፈነጠቀ ድንጋይ? አፈሩ የሚመጣው ይህን ለመለየት ነው። ይህንኑ በዝርዝር አስረዳኋቸው።

«ጥሩ» አሉ። «ግን ቀን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ድምፅ ክልክል ነው።»

አዋሽ ላይ በዚያ ሰዓት ሰውን ዝም የሚያሰኘው ሙቀቱ ነው። እዚህ የቤቱ ደንብ የተጻፈበት ወረቀት ነው።

በሦስተኛው ወር መሣሪያው ተሠርቶበታል ወደተባለው ግቢ በባቡር ሄድኩ።

«ቴርሚን አለህ?» አለኝ ዘበኛው፤ ቀጠሮ ማለቱ ነው።

«የለኝም።»

«ከማን ጋር ነው የሌለህ?»

የምጠራለት ስም አልነበረኝም። አጥሩን አይቼ ተመለስኩ። ማታ ሁመድ ደወለና «አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት» አልኩ።

አምኖኝ ሌላ አልጠየቀኝም።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ደወለ። ሁለት ተመራማሪዎች ከጀርመን ሰመራ መጥተው እሱን በሹፌርነት ቀጥረውታል። ሰርዶ አጠገብ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ፣ ለሙከራ የተሠራውን የመሣሪያውን ወንድም እየነዱ ነው አለኝ።  መሣሪያውን ልጠጋ ብዬ አገሬን የለቀቅሁት እኔ፤ እሱ ግን በአናቴ ላይ በአውሮፕላን አልፎ ሁመድ ዘንድ ሄደ።

«የባጃጁን ነገር አወራኋቸው፤ ስቀው ጻፉት» አለ።

«አርባ አንድ ብለሃል?»

«አርባ አልኩ።»

«ከማን እንደሰማኸውስ?»

«እንዴት አልናገርም! አገራችሁ ያለ ወንድሜ ነው፣ መሣሪያውንም በዓይኑ አይቶታል አልኳቸው። ማን እንዳሳየህ ጠየቁኝ። ቆይ፣ አጠገቤ ናቸው፤ ራስህ ንገራቸው።»

«ሁመድ፣ ቆይ!»

«ምነው?»

«የሰማሁት ነው።»

 በስልኩ ውስጥ ነፋሱና ወደ ጅቡቲ የሚያልፍ የጭነት መኪና ተሰማኝ።

«ምን አየህ ታዲያ?»

«አጥሩን።»

«እሺ» አለ። «ከእንግዲህ ግን ሳልጠይቅህ አልቀበልህም። አሁን እኔ ያየሁትን ስማ። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው። ጎማው አራት ነው።»

እርሳስ አንስቼ ጻፍኩ። 

«ጎማዎቹ ጥርስ አላቸው?» አልኩት።

«አላቸው።»

«ስንት ስንት?»

«ቆይ፣ ልቁጠር» አለና ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እግሩ ስር የሚንኳኳው ጥቁር ድንጋይ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ እየሰማሁ፣ እርሳሴን ይዤ ጠበቅሁት።